ቆጠራው ውኃው ዳር ላይ ቆሟል፦ ስለ ጥብቅ ሥፍራችን ዓሦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለጥብቅ ሥፍራዎች፣ ለዱር እንስሳትና ለዓሣ ሀብት ጉዳይ ኃላፊነት ላለባቸው የዞንና የክልል መሥሪያ ቤቶች

ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተቋረጠው የዓሣ ቆጠራ እንዲቀጥል፣ ውጤቱም ለአካባቢው ሕዝብ እንዲነገር ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ወደ ጀማ ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ዳር የምንኖርና ዓሣ በማስገር ኑሯችንን የምንደጉም የአንድ ማኅበር አባላት ነን። ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ የደረሰን የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሁለት ነገሮችን ያዝዛል። በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ በሚያልፈው የወንዙ ክፍል ማንኛውም ዓይነት መረብ እንዳይጣል ይከለክላል፤ እንዲሁም በዓመት ሁለት ጊዜ ስናካሂደው የቆየነው የዓሣ ቆጠራ «በጥብቅ ሥፍራው የክትትል ዕቅድ ውስጥ ያልተካተተ በመሆኑ» እንዲቆም ይላል። አሁን የምንገኝበት ኅዳር የቆጠራችን ወር ነበር። ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ ወንዙን ሳንለካ ኅዳር ሲያልፍብን ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው መንገድ በመዘጋቱ ምክንያት የማንም ጥፋት ያልነበረበት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የምንቃወመው ክልከላውን አይደለም። ዓሣው እያነሰ ከሆነ መረባችንን ለመሰብሰብ ከማንም ቀድመን ዝግጁ ነን፤ ወንዙ ባዶ ሲቀር መጀመሪያ የሚራበው የእኛ ቤት ነውና። የምንቃወመው ክልከላ ተጥሎ ሲያበቃ ክልከላው ይሥራ አይሥራ የሚታወቅበት ብቸኛው መንገድ በዚያው ወረቀት መዘጋቱን ነው። የጥብቅ ሥፍራውንም ሆነ የባለሙያዎቹን ስም ያላነሳነው ሰው ለመክሰስ ስላልፈለግን ነው፤ ደብዳቤውን የፈረመው መሥሪያ ቤት ራሱን ያውቃል።

ቆጠራው እንዴት እንደተጀመረ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ እንገልጻለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ከማኅበራችን አባላትና ከአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተውጣጡ ወጣቶችን አሠለጠነ። ሥልጠናው ቀላል፣ ሥራው ግን አድካሚ ነበር። በወንዙ ላይ አራት ቦታዎች ተመረጡ፤ ሁለቱ ከጥብቅ ሥፍራው ውስጥ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ዓይናቸው 6፣ 8፣ 10 እና 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረቦች ማታ ይጣላሉ፣ ጠዋት ይነሳሉ። ጥልቀት በሌለው ጠጠራማ ውኃ ደግሞ ትንንሾቹ ዓሦች በእጅ መረብ ተይዘው ከተቆጠሩ በኋላ ይለቀቃሉ። እያንዳንዱ ዓሣ በዓይነት ይለያል፣ ርዝመቱ በጣውላ መለኪያ ይለካል፣ ይመዘናል፤ እንቁላል የያዘች እንደሆነች፣ ቁስል ወይም ጥገኛ ትል ያለበት እንደሆነ ይጻፋል። ይህ አንድ ጊዜ ዝናቡ ሳይገባ በግንቦት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጎርፉ ጠርቶ ወንዙ ሲረጋ በኅዳር ይደረጋል። ፕሮጀክቱ ዘመኑ አብቅቶ ሲሄድ መረቦቹንና ሚዛኑን ለማኅበሩ ትቶልን ሄደ። ከዚያ በኋላ አበል የሚከፍለን አልነበረም፤ ቆጠራው ግን አልቆመም።

በመረብ የተያዘ ዓሣ ሁሉ በሕይወት ወደ ውኃ እንደማይመለስ አንደብቅም። ስለዚህም ነው መረቡ በየቦታው ከአንድ ሌሊት በላይ እንዳያድር የወሰንነው። ከዚህ ያነሰ ጉዳት ያለው መንገድ ካላችሁ በደስታ እንማራለን። በሌሎች አገሮች የሠለጠነ ባለሙያ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ዓሣውን ለአፍታ አደንዝዞ፣ ለክቶ መልሶ እንደሚለቅ፣ ከተቀዳ ውኃ ውስጥ ብቻ የዓሦችን የዘር ቅንጣት መርምሮ የትኞቹ ዝርያዎች እንዳሉ ማወቅ እንደሚቻልም ሰምተናል። እኛ ያለን መረብና ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ክልከላው የተመሠረተበትን ማስረጃ ይመለከታል። ደብዳቤው «በባለሙያ በተደረገ የመስክ ምልከታ» ይላል። ምልከታው ሲደረግ እኛም ስለነበርን ያየነውን እንናገራለን። አንድ ባለሙያ በነሐሴ አጋማሽ መጡ፤ ወንዙ ሞልቶ፣ ውኃው ጭቃ የመሰለበት ወቅት ነው። ከሰው የተዋሱትን አንድ መረብ ከድልድዩ አጠገብ ለአንድ ሰዓት ያህል አስጥለው አንድም ዓሣ ሳይያዝ ቀረ። በነሐሴ ጎርፍ መረብ የሚይዘው ቅጠልና ግንድ መሆኑን ማንኛውም የወንዝ ዳር ልጅ ያውቃል። በተጨማሪም ባርቦ የምንለው ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ፣ ወደ ገባሮቹ ይወጣልና ድልድዩ ሥር የሚፈለግበት ጊዜ አልነበረም። ሆኖም ሪፖርቱ «የዓሣ ሀብቱ ተሟጧል» አለ። በሌላ ዓመት ሌላ ባለሙያ በሚያዝያ መጡ፤ ወንዙ ነጥፎ የቀረው ዓሣ ሁሉ በጥቂት ጥልቅ ኩሬዎች የታጨቀበት ወር ነው። ከአንዱ ኩሬ በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ዓሣ ወጣ፤ የዚህኛው ሪፖርት ደግሞ «ከፍተኛ የዓሣ ክምችት» መኖሩን ገለጸ። ሁለቱም ባለሙያዎች ያዩትን ነው የጻፉት፤ ያዩት ግን ወቅቱን እንጂ ዓሣውን አልነበረም።

ለዚህ ነበር ያ አሰልቺ ሕግ ገና በሥልጠናው ወቅት የተሰጠን፦ ያው ቦታ፣ ያው መረብ፣ ያው ወር፣ ያው የሰዓት ርዝመት። የተያዘው ዓሣ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በአንድ መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ተያዘ ተብሎ ሲሰላ ነው ዘንድሮን ከአምና፣ ክልክሉን ቦታ ካልተከለከለው ጋር ማነጻጸር የሚቻለው። ወጣቶቻችን ይህን ለመጠበቅ ስንት ጊዜ በብርድ እንዳደሩ እኛ እናውቃለን። አንድ ሰዓት የተደረገ የነሐሴ ጉብኝት የዚህን ሁሉ ቦታ ሲወስድ ማየት ከባድ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የጥብቅ ሥፍራው የክትትል ቅጽ ነው። ቅጹን አይተነዋል፤ ስካውቶቹ፣ ማለትም የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂዎች፣ በየወሩ ሲሞሉትም አብረን ተቀምጠን አይተናል። ጭላዳ ስንት መንጋ፣ ቀበሮ ስንት፣ ሚዳቋ፣ ሰሳ፣ አሞራ፣ ቆቅ እያለ ይወርዳል። ዓሣ የሚል ረድፍ የለም። ከታች «ሌሎች» የሚል አንድ መስመር አለ፤ እንቁራሪትም፣ ኤሊም፣ ዓሣም እዚያ ነው የሚገባው። በቅርቡ ባየነው ቅጽ ላይ በዚያ መስመር የተጻፈው «መልካም» የሚል ቃል ነው። ስካውቱን አንወቅስም፤ ረድፍ ያልተሰጠውን ነገር ምን ብሎ ይሞላዋል? ወንዙ ጥብቅ ሥፍራውን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጥቀዋል፣ በካርታው ላይ ሰማያዊ ተቀብቶ ይታያል፣ የጥብቅ ሥፍራው ማስተዋወቂያ ሥዕልም የወንዙ ሸለቆ ነው። የክትትሉ ሥራ ግን ውኃው ዳር ሲደርስ ጫማውን አውልቆ መሻገር ያልፈለገ ይመስላል።

የዞናችን ሰው በልማድ መጠበቅን ከማንም አልተማረም። የመንዝ ጓሳ ሣር ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየተከለከለ፣ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በሥርዓት እየተከፈተ መቆየቱን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሥርዓት መከልከሉ ያልተለመደ አልነበረም። ነገር ግን ሣሩ መድረስ አለመድረሱን ወጥቶ የሚያይ ነበር፣ የሚከፈትበትም ቀን ነበረው። የእኛ ወንዝ ተከልክሏል፤ የሚያየው የለም፣ የሚከፈትበት ቀንም አልተጻፈም።

«ትልቅ ሐይቅ በሌለበት አካባቢ ምን ዓይነት ዓሣ ኖሮ ነው?» የሚል ጥያቄ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነስቶብን ነበር፤ ጠያቂው የቀለደ አይመስለንም። ሰሜን ሸዋ ውኃ ለሁለት የሚለያይበት አገር ነው። በጣርማ በር ሰንሰለት ላይ የወረደ ዝናብ ከፊሉ በምሥራቅ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ ከፊሉ በምዕራብ በጀማና በወንጭት ወደ ዓባይ ይሄዳል። አዋሽና ዓባይ ደግሞ ዓሦቻቸው አንድ አይደሉም። በምዕራቡ በኩል ያሉት ወንዞቻችን ከጣና ጋርም አይመሳሰሉም፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ አጥር ሆኖ ኖሯል፣ ጀማ ግን የሚገባው ከፏፏቴው በታች ስለሆነ እንደ ባግረስ ያሉ በጣና የማይገኙ የዓባይ ሸለቆ ዓሦች ይደርሱበታል። ከእነዚህ ሌላ ባርቦ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አለ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ፈጣን ውኃ የሚቋቋመው ጣት የሚያክለው ዓሣም አለ፤ ሳይንቲስቶች «ጋራ» ይሉታል፤ ስሙ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ቢሆንም ለተራራ አገር ዓሣ ይህን የመሰለ ስም በመውጣቱ ወጣቶቻችን ሁልጊዜ ይሥቃሉ። ይህ ዓሣ ማንም አይበላውም፣ ገበያም የለውም። በቆጠራው ግን ከሁሉ ይልቅ የምንከታተለው እሱን ነበር፤ ድንጋዩ በደለል ሲሸፈን መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ስለሆነ።

ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጄምስ ካር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡትና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ዘዴ የወንዝን ጤንነት የሚለካው በውስጡ ባሉት ዓሦች ስብጥር ነው፦ ስንት ዓይነት አለ፣ ብክለት የማይችሉት ቀርተዋል ወይ፣ ማንኛውንም የሚበሉት በዝተዋል ወይ፣ የታመመው ምን ያህል ነው እያለ። የውኃ ናሙና የሚናገረው ስለ ተቀዳበት ሰዓት ነው። ዓሣው ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ውኃ ውስጥ ኖሯል።

ሦስተኛውን ቅሬታ ስንጽፍ እጃችን ይከብደናል። ባለፈው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ማለዳ ከጥብቅ ሥፍራው በታችኛው ጫፍ ባለው ትልቅ ኩሬ ላይ ዓሣ ተገልብጦ ተገኘ። ነጩ ሆዳቸው ውኃውን ሸፍኖት ነበር፤ ከክንድ የሚበልጥ አምባዛም፣ ገና የተፈለፈለም አብሮ ነበር። ያየው እረኛ ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሮጠ፣ ሰብሳቢው ወደ ቀበሌ ደወለ፣ ቀበሌው ወደ ወረዳ። ባለሙያ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ውሻና ጆፌ አሞራ ሥራቸውን ጨርሰዋል። ባለሙያው ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው፣ ጠርሙሱን በመኪናው ኋላ ወንበር አስቀምጠው ሄዱ። ውጤት ይነገራችኋል ተባልን። ሰባት ወር አለፈ።

ምን እንደገደላቸው እኛም አናውቅም፤ ሦስት ግምቶች አሉን። የመጀመሪያው ብርብራ ነው። የዚህን ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውኃ ላይ መበተን የቆየ የማስገሪያ ዘዴ ነው፤ በውስጡ ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለ፣ የዓሣው ሰውነት ኦክስጅን እንዳይጠቀም አድርጎ ይገድለዋል፣ ትልቁን ከትንሹም አይለይም። ይህን ከሚያደርጉት መካከል የእኛው ሰፈር ሰዎች እንዳሉ አንክድም፤ ማኅበራችንም በዚህ ምክንያት ሁለት አባላቱን አሰናብቷል። ሁለተኛው ከመስኖ ማሳ የወረደ ፀረ ተባይ ነው። ሦስተኛው ማንም ያልሠራው ነው፤ ውኃው ሲያንስና ሲሞቅ ኦክስጅኑ ሌሊት አልቆ ዓሣው ንጋት ላይ መታፈኑ። ሦስቱ የተለያየ ምልክት ይተዋሉ። በዕለቱ የመጣ ባለሙያ የዓሣውን ስንጥብ አይቶ፣ ሙቀቱንና ኦክስጅኑን ለክቶ፣ የቀደመውን መዝገባችንን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱን ማስወጣት ይችል ነበር። ክልከላው ግን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የዓሣው ዕልቂትም በመረባችን ላይ እንደ ተጨማሪ ምክንያት ተቆጥሮ። መረብ ያን ዓይነት ዕልቂት አያመጣም።

አራተኛው ጉዳይ ጠጠሩ ነው። ባርቦ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚያልፍበት ጠጠር መካከል ነው። ከጥብቅ ሥፍራው ወሰን ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲህ ያለ ጥሩ ጠጠራማ ቦታ ነበር፤ ከአራቱ የቆጠራ ቦታዎቻችንም አንዱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ገልባጭ መኪናዎች እዚያው ወንዙ ውስጥ ገብተው አሸዋና ጠጠር ይጭናሉ። ፈቃድ አላቸው፣ ወረቀታቸውን አይተናል፣ የፈረመው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ጎርፍ ሲመጣ የተቆፈረው አፈር ተነስቶ ከታች ባለው ጠጠር ላይ ይተኛል፣ እንቁላሉም ይታፈናል። ለዚያኛው መሥሪያ ቤት አመልክተን የተሰጠን መልስ «ዓሣ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ» የሚል ነበር። ማስረጃው የቆጠራው መዝገብ ነው። መዝገቡ የት እንዳለ ቀጥለን እንናገራለን።

የዓመታት የቆጠራ ደብተሮቻችን ለጥብቅ ሥፍራው የመረጃ ክፍል ገቢ እንዲሆኑ በቃል ተጠይቀን አስረክበናል። የርክክብ ወረቀት አልተሰጠንም፤ ያልጠየቅነውም እኛ ነን፣ ይህ የእኛ ስሕተት ነው። በኋላ ቅጂ ስንጠይቅ መጀመሪያ ኃላፊው ለሥልጠና ወጥተዋል ተባልን፣ ቀጥሎ ቁልፉ የለም ተባልን፣ በመጨረሻም «እንዲህ ያለ መረጃ በጽሕፈት ቤታችን አይታወቅም» ተባልን። በእጃችን የቀረው በአንድ አባላችን ስልክ የተነሱ የጥቂት ገጾች ፎቶ ብቻ ነው። ከደብተሮቹ አንዱ ላይ ባርቦዎቹ ከዓመት ዓመት እያጠሩ መሄዳቸውን ያስተዋለች የ11ኛ ክፍል ተማሪ በእርሳስ መስመር ሠርታ ነበር። የሚያዙት ዓሦች ሲያጥሩ ትልልቆቹና እንቁላል የሚጥሉት እየተለቀሙ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ በከፊል የእኛው ነው፣ ለክልከላውም ከየትኛውም ደብዳቤ የተሻለ ምክንያት ይሆናችሁ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጠፋበት እኛን የሚደግፍ ማስረጃ ብቻ እንዳልሆነ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን።

መቁጠር የቀረባቸውን ወይም የዘገየባቸውን ቦታዎች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በዋናነት የሚታወቀው በወፎቹ ነው። የሻላ ሐይቅ ደሴቶች የነጭ ፔሊካን መፈልፈያ ነበሩ፤ ሻላ ራሱ ለዓሣ የማይመች ስለሆነ ወፎቹ የሚመገቡት በአጠገቡ ካለው አብያታ ነበር። የአብያታ ውኃ በመስኖና በሶዳ አሽ ምርት ምክንያት እየቀነሰ፣ ጨዋማነቱም እየጨመረ ሲሄድ ቆሮሶው ጠፋ፣ ፔሊካኖቹም ጥለው ሄዱ። ወፍ ብቻ የሚቆጥር ሰው ነገሩን የሚያውቀው ወፉ ከሄደ በኋላ ነው።

ጣና ላይ የተለየ ነገር እናያለን። በሐይቁ ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአንድ ዘር የተከፋፈሉ ከ10 በላይ የባርቦ ዝርያዎች እንዳሉ የታወቀው በምርምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገቡ በኋላ አስጋሪዎች በክረምት በወንዞቹ አፍ ላይ እንቁላል ለመጣል የሚሰበሰቡትን ዓሦች መያዝ ጀመሩ። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይ በተመሳሳይ ዘዴ ለክተው ሲያነጻጽሩ የትልልቆቹ ባርቦዎች መጠን በ75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኘ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ሲሰፍር ስለ እነዚህ ዓሦች አስረግጦ መናገር የተቻለው ያ ሁለት ጊዜ የተደረገ ልኬት በመኖሩ ነው።

ከባሕር ማዶ ደግሞ የሎውስቶንን እንጥቀስ። በዚህ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ሐይቁ በሚገባ ክሊር ክሪክ በተባለ አንድ ጅረት ላይ እንቁላል ለመጣል የሚወጡትን ትራውት ዓሦች ለዓመታት ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከ70,000 በላይ ወጡ፤ በ2007 የወጡት 500 ያህል ብቻ ነበሩ። በመካከሉ፣ በ1994፣ የዚያ ሐይቅ ያልሆነ ሌላ ትልቅ ትራውት በሐይቁ ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ አገር በቀሉን ይበላዋል፣ ራሱ ግን የሚኖረውም የሚራባውም በጥልቁ ሐይቅ ውስጥ ስለሆነ በጅረቱ ዳር ለሚጠብቁት ድቦችና ወፎች አይደርስም። አንድ ዓሣ በሌላ ሲተካ በየብስ ያለው እንስሳ ምግቡን አጣ። የፓርኩ ሰዎች ዛሬ መጤውን በመረብ እያወጡ ይቀንሱታል፤ ሥራው ፍሬ ማፍራት አለማፍራቱንም የሚያውቁት እየቆጠሩ ነው። በከለላ ሥፍራ ውስጥ መረብ መጣል ሁልጊዜ ጥፋት ነው ለሚሉ ኃላፊዎቻችን ይህ ምሳሌ ቢነበብላቸው ደስ ይለናል።

የእኛም ወንዝ እንዲህ ያለ ለውጥ ከፊቱ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በዓባይ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሰፊ ሐይቅ ፈጥሯል። ሐይቅ የሚወድ ዓሣ እዚያ ሊበዛ፣ በወንዝ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው ደግሞ መንገዱ ሊቋረጥበት ይችላል። የዚህ ውጤት እስከ ጀማ ገባሮች ድረስ ይደርስ እንደሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠየቀው ሰው «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከላይ ደግሞ ደብረ ብርሃን በፋብሪካ ብዛት እያደገች ነው፣ በከተማዋ የሚያልፈው በረሳም መጨረሻው ጀማ ነው። ከሁለቱም አቅጣጫ ለውጥ በሚመጣበት ጊዜ ቆጠራውን ማቆም ለእኛ ሊገባን አልቻለም።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። የሠራነው ያለ በጀት ነው። መረቡ አለ፣ የሚዛኑ ባትሪ ብቻ ነው የሚቀየረው፣ ሰዎቹ የሠለጠኑ ናቸው። «ሕጉ አይፈቅድም» ለሚለው ደግሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከዓላማዎቹ አንዱ የዓሣን ብዝኃ ሕይወትና አካባቢውን መጠበቅ፣ ከመጠን በላይ መሰገርንም መከላከል መሆኑን እናስታውሳለን። ከመጠን ያለፈውን ለመለየት መጠኑ መታወቅ አለበት።

የክልከላው ጫናም በቁጥር ባይሆን እንኳ ይነገር። ገበያችን የሚደምቀው በሁዳዴ ነው፤ በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ከእነዋሪም ከዓለም ከተማም ይጠይቀናል። ያ ወቅት ወንዙ የሚያንስበትና ዓሣው በኩሬ የሚሰበሰብበት በመሆኑ ጥንቃቄ የሚፈልግ መሆኑን እናውቃለን፤ በራሳችን ደንብ ሁለት ኩሬዎችን ከማስገር ነፃ ያደረግነውም ለዚሁ ነበር። ክልከላው ከመጣ ወዲህ ማኅበሩ ከሁለቱም ኩሬ ጠባቂዎቹን አንስቷል፤ መረብ ይዞ የተገኘ አባላችን ንብረቱ ተወስዶበታልና ማንም ወደ ወንዙ መቅረብ አልፈለገም። አሁን በሌሊት እዚያ የሚወርደው ማን እንደሆነ የሚያይ የለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በቅድሚያ የቆጠራ ደብተሮቻችን ተፈልገው ቅጂያቸው እንዲሰጠን፣ ጠፍተው ከሆነም መጥፋታቸው በጽሑፍ እንዲነገረን። ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ የለንም።

ቆጠራው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦትና በኅዳር፣ በነበሩት አራት ቦታዎችና በነበረው ዘዴ እንዲቀጥል የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠን። ስካውት አብሮን ይቆም፤ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ይምራው፤ በደብረ ብርሃን ያለው ዩኒቨርሲቲም ሆነ የዓሣ ምርምር ማዕከላት ተማሪና ተመራማሪ ቢልኩ ዓሣ መለየት ላይ የምንሳሳተውን ያርሙናል። እኛ የምንለምነው ከሥራው ውጭ እንዳንደረግ ነው። ከጥብቅ ሥፍራው ውጭ ያሉት ሁለት ቦታዎችም ከቆጠራው እንዳይወጡ እንጠይቃለን፤ ከተከለከለው ጋር የሚነጻጸር ያልተከለከለ ቦታ ከሌለ ክልከላው ያመጣው ለውጥ አይታወቅም።

በጥብቅ ሥፍራው የክትትል ቅጽ ላይ ዓሣ የራሱ ረድፍ ይኑረው፤ ቢያንስ ባርቦ፣ አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ባግረስና ጋራ ተለይተው ይጻፉ። ውኃው ራሱም ይለካ፦ ሙቀቱ፣ ጥራቱ፣ የኩሬዎቹ ጥልቀት።

ክልከላው የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በቆጠራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዲጠና፣ በውይይቱም ላይ እኛ እንድንገኝ ይወሰን። ውጤቱ ክልከላው መቀጠል አለበት ካለ እንቀበላለን፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ ፈርመንበታል።

በሚያዝያ የተወሰደው ናሙና ውጤት ይነገረን። ናሙናው ሳይመረመር ቀርቶ ከሆነም እንደዚያው ይባል። ለወደፊቱ ዓሣ ሲሞት በዕለቱ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ናሙና በምን ዕቃና በምን ቅዝቃዜ እንደሚያዝ ሁለት ወጣቶቻችንን ብታሠለጥኑልን ባለሙያ እስኪደርስ ማስረጃው አይጠፋም። የጠጠሩን ጉዳይ በሚመለከት ደግሞ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤትና የከለከለን መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ወንዙ ዳር ቆመው ቢነጋገሩ፣ ቢያንስ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቁፋሮው ቢቆም እንጠይቃለን። የቦታውን አድራሻና የመኪናዎቹን መግቢያ ለማሳየት ዝግጁ ነን።

የሚቀጥለው የቆጠራ ወር ግንቦት ነው። መልሳችሁ ከሚያዝያ መጨረሻ በፊት ቢደርሰን መረቦቹን ለመጠገን ጊዜ ይኖረናል።

ከአክብሮት ጋር

የወንዝ ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጸሐፊና የዓሣ ቆጠራው አስተባባሪ
ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦
ለወረዳው የግብርና እና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች
ለአሸዋና ጠጠር ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ